የአውራ ጣት መጣመምን የሚያቀና ቀዶ ሕክምና፦ በሁለት እግርና በሁለት ሐኪም ቤት የተመዘነ

በእግር አውራ ጣት ሥር በውስጥ በኩል ተገፍቶ የሚወጣውና ቡኒየን በሚል ስም የሚታወቀው ጉብታ፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው በጊዜ ብዛት የበቀለ ትርፍ አጥንት አይደለም። ከጣቱ በስተኋላ ያለው ረጅም አጥንት፣ ሐኪሞች የመጀመሪያው ሜታታርሳል የሚሉት፣ ከጎኑ ካለው አጥንት እየራቀ ወደ ሌላኛው እግር አቅጣጫ ሲሸሽ፣ አውራ ጣቱ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ሁለተኛው ጣት ሲያዘነብል፣ በመካከላቸው ያለው መገጣጠሚያ እንደ ታጠፈ ክርን ሾሎ ይቀራል። ከጫማ ጋር የሚፋተገው፣ የሚቀላውና የሚያብጠው ይህ የሾለ መገጣጠሚያ ነው። ጉብታውን በመጋዝ ልጦ መጣል ብቻውን መፍትሔ የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ የአጥንቱ አቅጣጫ ሳይስተካከል የጎላውን ብቻ መቁረጥ፣ ጣቱ ማዘንበሉን እንዲቀጥል ትቶ መልኩን ለጥቂት ጊዜ ማሳመር ይሆናል።

ይህ ቀዶ ሕክምና በሁለቱም እግሮቼ ላይ፣ በተለያየ ጊዜና በተለያዩ ሐኪም ቤቶች ተሠርቶልኛል። የተቋማቱን ስም አላነሳም፤ የማነጻጽረው አሠራራቸውን ነው። በቀኝ እግሬ ላይ የተሠራው ሜታታርሳሉን ከጫፉ አካባቢ ቆርጦ የሚያንሸራትተው፣ ሼቭሮን የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ በግራ እግሬ ላይ የተሠራው ደግሞ የዚያኑ አጥንት ሥር ከመሃል እግር አጥንት ጋር አጣብቆ የሚያቆመው፣ ላፒደስ የሚባለው ነው። ሁለቱም ሕመሜን ቀንሰውልኛል። እንደ አገልግሎት ሲመዘኑ ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው፤ ልዩነቱም በአብዛኛው የተፈጠረው ቢላዋው ከመነሳቱ በፊት፣ በምርመራው ክፍል ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያው ሐኪም ቤት ምርመራው አጭር ነበር። ሐኪሙ አልጋ ላይ እንደተቀመጥኩ እግሬን አዩ፣ ራጁም እንደተጋደምኩ ተነሣ፣ ከዚያ የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ተያዘ። በሁለተኛው ሐኪም ቤት ግን ራጁ የተነሣው በሁለት እግሬ ቆሜ፣ ክብደቴን እኩል አሳርፌ ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ሆኖም መዛባቱ በሙሉ ልኩ የሚገለጠው የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ስለሆነ፣ ባልተጫነ እግር ላይ የሚለካ ማዕዘን ከእውነተኛው አንሶ ሊታይ ይችላል። ሐኪሟ ምስሉን በስክሪን ላይ ከፍተው በአውራ ጣቱና በሜታታርሳሉ መሃል ለመሃል ሁለት መስመር አሰመሩ፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ማዕዘን በጤነኛ እግር ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን፣ የግራ እግሬ ከ40 አልፎ ነበር። ሁለተኛው መለኪያ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሜታታርሳል መካከል ያለው ማዕዘን ነው፤ እሱም በተለምዶ ከ9 ዲግሪ አይበልጥም። መዛባቱ መለስተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ተብሎ የሚመደበው፣ የቀዶ ሕክምናው ዓይነትም የሚመረጠው በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ለሐኪሙ አንድ ጥያቄ ብቻ የማቅረብ ዕድል ያለው ታካሚ "የእኔ ማዕዘን ስንት ነው?" ብሎ ቢጠይቅ አይቆጭበትም።

ከራጁ ቀጥሎ የተደረገው የእጅ ምርመራ ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ክፍል ነው። ሐኪሟ በአንድ እጃቸው ሌሎቹን ሜታታርሳሎች አጥብቀው ይዘው በሌላው እጃቸው የመጀመሪያውን ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች አነቃነቁት፤ ከሚገባው በላይ ይላወስ ነበር። ጣቱን አጥፈውና ዘርግተው መገጣጠሚያው ውስጥ መንኮሻኮሽ እንዳለ ፈተኑ፣ በእግሬ ጀርባ ላይ የደም ሥር ትርታ ፈለጉ፣ በስተመጨረሻም ከሁለተኛው ጣት ሥር በውስጥ እግሬ በኩል የጠጠረውን ቆዳ ተጭነው "እዚህ ጋ ያምዎታል?" አሉኝ። በጣም ያመኝ ነበር። እሳቸው እንዳስረዱኝ፣ የተዛባ አውራ ጣት ስንራመድ ሊሸከም የሚገባውን ጫና ስለማይሸከም ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል፤ የጠጠረው ቆዳም የዚህ ምልክት ነው። ስለ ጉብታው ላማክር የሄድኩት ሰው፣ ከጉብታው ይልቅ ያ የጠጠረ ቆዳ ብዙ እንደሚናገር ያኔ ተረዳሁ። ሁለት ሐኪሞች አንድን እግር አይተው የተለያየ ነገር ሊያዩ እንደሚችሉም ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ለዚህ መዛባት እስካሁን ከ100 በላይ የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች የተገለጹ ሲሆን፣ ይህን ያህል መብዛታቸው አንድም ለሁሉ የሚበቃ እንዳልተገኘ ያሳያል። ኬለር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1904 ያስተዋወቀው ዘዴ የአውራ ጣቱን የመጀመሪያ አጥንት ሥር ቆርጦ የሚያስወግድ ነው፤ ጣቱን ስለሚያሳጥርና መሬት የሚገፋበትን ኃይል ስለሚያዳክም፣ ዛሬ ቢመረጥ እንኳ እንቅስቃሴያቸው ውስን ለሆነ አረጋውያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የቀረበው የማክብራይድ ዘዴ ደግሞ አጥንት ሳይቆርጥ ጅማቶችን በማላላትና በማጥበቅ ጣቱን ለማቅናት ይሞክራል፤ መዛባቱ መለስተኛ ካልሆነ ብቻውን አይበቃም፣ ሆኖም የጅማት ማስተካከሉ ሐሳብ እስከ ዛሬ ከሌሎች ዘዴዎች ጋር እየተጣመረ ይሠራበታል። መለስተኛና መካከለኛ ለሆነው መዛባት የተለመደው ሼቭሮን፣ ወደ አጥንቱ ጫፍ ተጠግቶ በጎን ሲያዩት የሾለ ማዕዘን ያለው ቁርጥ ይሠራና ጭንቅላቱን ወደ ሁለተኛው ጣት አቅጣጫ አንሸራቶ በብሎን ያስረዋል። ስካርፍ የሚባለው በአጥንቱ ቁመት ላይ ረጅም ደረጃማ ቁርጥ ስለሚሠራ ከዚህ የበለጠ ለማንሸራተት ያስችላል። አኪን የሚሉት ከራሱ ከአውራ ጣቱ አጥንት ላይ ቀጭን ሽብልቅ የሚያወጣ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሌላው ማሟያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የተገለጸው ላፒደስ ግን ችግሩን ከሥሩ ይይዘዋል፤ የሚላወሰውን የሜታታርሳል ሥር መገጣጠሚያ ልጦ፣ አጥንቱን አቅንቶና ካስፈለገም የዞረበትን መልሶ፣ በብሎን ወይም በብረት ሳህን ያጣብቀዋል። የአውራ ጣቱ መገጣጠሚያ በአርትራይተስ ያለቀለት ሰው ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ መገጣጠሚያውን ራሱን ማጣበቅ ይበጀው ይሆናል።

ቀኝ እግሬ ላይ የሆነውን ከዚህ አንጻር ነው የማየው። ሼቭሮን መጥፎ ዘዴ አይደለም፤ በትክክለኛው እግር ላይ ሲሠራ ማገገሚያው ቀላል፣ ውጤቱም አስተማማኝ ነው። ነገር ግን የጫፍ ቁርጥ አጥንቱን ሊያንሸራትት የሚችልበት ርቀት የአጥንቱ ስፋት የሚፈቅደውን ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛዋ ሐኪም ለግራ እግሬ በሄድኩበት ጊዜ ቀኙንም አብረው በቆመ ራጅ ሲያዩት፣ የአጥንቱ ጭንቅላት የተገፋው ማዕዘኑ ከሚጠይቀው ባነሰ መጠን እንደሆነና ከጭንቅላቱ ሥር ያሉት ሁለት ትንንሽ አጥንቶች ወደ ቦታቸው እንዳልተመለሱ አሳዩኝ። ጣቱ ቀስ እያለ እንደገና ማዘንበል ጀምሯል። ሕመም ስለሌለው ለጊዜው ምንም እንዳይነካ ተስማምተናል፤ እኔም በዚህ ምክራቸው ይበልጥ አመንኳቸው፣ ምክንያቱም ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ቀን የምለው ጥቂት ነው። በሁለቱም ሐኪም ቤት ያደርኩበት ጊዜ የለም፤ ጠዋት ገብቼ ከሰዓት በኋላ ወጥቻለሁ። በአንደኛው ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ፣ በሌላው ከማስታገሻ ጋር በቁርጭምጭሚት ዙሪያ የሚሰጥ ማደንዘዣ ነበር፤ የሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም መደንዘዙ ለሰዓታት ስለሚቆይ የመጀመሪያው ምሽት ሕመም ይቀላል። መጋዙ ይሰማል፣ ሕመሙ ግን አይሰማም፤ ድምፁን የማይወድ ሰው አስቀድሞ ቢናገር ጆሮውን የሚሸፍንበት ወይም የበለጠ ማስታገሻ የሚያገኝበት መንገድ አለ።

ይህን አገልግሎት የሚገመግም ሰው ብዙ ሊናገርለት የሚገባው ማገገሚያው ነው፤ ታካሚዎች የሚያማርሩትም ከቁርጡ ይልቅ ያልተነገራቸውን የማገገሚያ ርዝመት ነው። ከሼቭሮን በኋላ ታችኛው ገጹ የማይታጠፍ ልዩ ጫማ ተደርጎልኝ ወዲያውኑ በተረከዜ መራመድ ጀመርኩ። ከላፒደስ በኋላ ግን የተጣበቀው መገጣጠሚያ እስኪያያዝ ድረስ ለሳምንታት እግሬን መሬት እንዳላስነካ ተነገረኝ፤ ይህ ጥብቅ የቀድሞ ሥርዓት ነው፤ ጠንካራ ብረት የሚጠቀሙ አንዳንድ ሐኪሞች ቀደም ብለው ማስረገጥ ጀምረዋል። በክራንች መኖር ከቁስሉ ሕመም ይበልጥ አድካሚ ነው። ሁለት እጅ በክራንች ሲያዝ አንድ ብርጭቆ ውኃ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መውሰድ እንኳ የማይቻል መሆኑን ማንም አስቀድሞ አይነግርም፤ በቤት ውስጥ የሚረዳ ሰው የሌለው ታካሚ ከቀጠሮው በፊት ሊያስብበት የሚገባው ይህን ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዋናው ሥራ እግርን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ መተኛት ነው። እግሬን ወደ ወለል ባወረድኩ ቁጥር ደሙ ወደ ቁስሉ ሲወርድ ትርታው ይሰማኝ ነበር፤ ጣቶቼ ወደ ሐምራዊ ይጠጋሉ፣ ፋሻው ይጠብባል፣ መልሼ ትራስ ላይ ስሰቅለው ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይረጋጋል። ፋሻው ቁስልን ለመሸፈን ብቻ የተጠቀለለ አይደለም፤ ጅማቱ በአዲሱ ልኩ እስኪጠነክር ጣቱን በቦታው የሚይዘው እሱ ስለሆነ፣ ቢረጥብ ወይም ቢላላ ራስ ጠቅልሎ ከማስተካከል ወደ ሐኪም ቤት መመለስ ይሻላል። ስፌቱ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላ ይወጣል። አጥንቱ ለመያያዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ ማጨስ ይህን ጊዜ ያራዝማል፣ አጥንቱ ጭራሽ እንዳይያያዝም ሊያደርግ ይችላል። ቀኝ እግሩን የተሠራ ሰው ፍሬን በሙሉ ኃይሉ መርገጥ እስኪችል ድረስ መኪና መንዳት የለበትም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ዘመን ትዕግሥት የሚፈትን ነው። ሰፊ የስፖርት ጫማ ማድረግ ይጀመራል፣ ሰውም ድነሃል ይላል፣ እግሩ ግን ወደ ማታ ሲሆን ያብጣል። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል በመጀመሪያው ሐኪም ቤት አልተነገረኝም፤ በመሆኑም ለወራት አንድ ነገር ተበላሽቷል ብዬ ስሰጋ ቆይቻለሁ። ሁለተኛዋ ሐኪም ይህንኑ ገና በመጀመሪያው ቀን ስለነገሩኝ፣ ተመሳሳይ እብጠት በግራ እግሬ ላይ ሲታይ አንድም ሌሊት አልነሳኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል ይሠራል። መታወቅ ያለበት ሌላው ነገር ጣቱን በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች የማጠፉ ልምምድ ነው፤ ሐኪሙ ከፈቀደበት ቀን ጀምሮ ካልተሠራ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ የደረቀ ጣት ደግሞ ተረከዝ ሲነሳ አይታጠፍም፣ አረማመድንም ያበላሻል። የማይታጠፈው ጫማ ከሌላው እግር ጫማ ከፍ ስለሚል ወገብ እንዳያም በጤነኛው እግር ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ማድረግ ይጠቅማል፤ ይህን የነገረችኝ ሐኪም ሳትሆን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት።

የሚደርሱ ጉዳቶችን በተመለከተ የሁለቱም ተቋማት የስምምነት ቅጽ የተለመዱትን ጠቅሷል፦ ኢንፌክሽን፣ የደም መርጋት፣ የአጥንት አለመያያዝ፣ የጣቱ መልሶ ማዘንበል፣ ወይም ከመጠን በላይ ተጎትቶ ወደ ተቃራኒው መጣመም፣ እንዲሁም ወደ አጥንቱ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ተቋርጦ አጥንቱ መሞት። በቃል ግን ሊብራሩ የሚገባቸው ሁለቱ አነስተኛ የሚመስሉት ናቸው። አንደኛው በጣቱ ውስጠኛ ጎን ላይ የሚያልፈው ቀጭን ነርቭ ሲነካ የሚፈጠረው መደንዘዝ ነው፤ በቀኝ እግሬ ላይ አንዲት ጠባብ ስፍራ እስካሁን ካልሲ ስለብስ እንደ ሌላ ሰው ቆዳ ትሰማኛለች። ሁለተኛው፣ ሜታታርሳሉ ካጠረ ወይም ከፍ ብሎ ከተያያዘ ጫናው ወደ ሁለተኛው አጥንት ተዛውሮ በውስጥ እግር በኩል የሚፈጥረው አዲስ ሕመም ነው። የተለያዩ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ እንዳሳየው፣ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ በውጤቱ የማይረኩት ታካሚዎች ከ10 አንድ ገደማ ናቸው። ይህ ለጣት ሕክምና ትንሽ የሚባል ቁጥር አይደለም፤ ሐኪም ሁሉ በግልጽ ሊናገረው ይገባል።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ የሚያማቸው ሰዎች ከሕክምናው እውነተኛ ጥቅም እንደሚያገኙ መካድ ተገቢ አይሆንም። በፊንላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት 209 ታካሚዎችን በዕጣ ከፍሎ ለአንዱ ቡድን ሼቭሮን፣ ለሌላው በጫማ ውስጥ የሚገባ ድጋፍ፣ ለሦስተኛው ደግሞ ክትትል ብቻ ሰጥቶ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የተሻለ ውጤት ያገኙት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ናቸው። ድጋፉ ለተወሰነ ጊዜ ሕመም ያስታግሳል፤ በጣቶች መካከል የሚገባው መለያያ፣ ማታ ማታ የሚታሰረው ማቅኛና ሰፊ ጫማም እንዲሁ፣ ነገር ግን አንዳቸውም በአዋቂ ሰው እግር ላይ የተጣመመውን አጥንት አያቀኑም። በአንጻሩ ሕመም የሌለበት ሰው፣ ጣቱ የቱንም ያህል ቢጣመም፣ ለመልክ ብሎ ወይም ጠባብ ጫማ ለማድረግ ብሎ ይህን ባይሞክረው እመርጣለሁ። የእግር የደም ዝውውሩ የደከመ፣ ስኳሩ ያልተስተካከለ ወይም የእግሩ ስሜት የጠፋ ሰው ደግሞ ከጣቱ በፊት ሌላው ጤንነቱ ሊታይለት ይገባል። አጥንታቸው ገና እያደገ ባለ ልጆችም ላይ መልሶ የማዘንበሉ ዕድል ከፍ ስለሚል፣ ከተቻለ ዕድገታቸው እስኪያበቃ መጠበቅ የተለመደ ነው።

በቅርብ ዓመታት እየተስፋፋ የመጣው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚሠራው ዘዴ ነው። ሐኪሙ ትልቅ ቁስል ሳይከፍት፣ ቀስ ብሎ በሚሽከረከር ቀጭን መቁረጫ አጥንቱን ይቆርጥና በራጅ እየተመለከተ በብሎን ያስረዋል። ጠባሳው ትንሽ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመምም ቀለል ያለ መሆኑ ይነገርለታል። ማስታወቂያው ግን አጥንቱም ቶሎ የሚያያዝ ሊያስመስል ይሞክራል፤ የተቆረጠ አጥንት በትንሽ ቀዳዳም ይሁን በሰፊ ቁስል ተቆርጦ ያው ሳምንታቱን ይፈልጋል። ዘዴውም የሐኪሙን ልምድ በእጅጉ ስለሚጠይቅ፣ ስንት እንዲህ ያለ ሥራ እንደሠሩ መጠየቅ ነውር አይሆንም።

በአጠቃላይ ነጥብ ስጥ ብባል ለሁለተኛው ሐኪም ቤት ከ5 አራት ተኩል፣ ለመጀመሪያው ሁለት ተኩል እሰጣለሁ። ከሁለተኛው ግማሽ ነጥብ የቀነስኩት በመውጫው ሰዓት ነው። ማስታገሻው ገና ከራሴ ሳይወጣ ነርሷ የመድኃኒቱን ሰዓት፣ የፋሻውን አያያዝና የአደጋ ምልክቶቹን በቃል ብቻ ነግራኝ ነበርና ማታ ላይ ግማሹን አላስታወስኩትም። ትኩሳት ሲመጣ፣ ባት ሲያብጥና ሲያም፣ ጣቶች ሲቀዘቅዙ ወይም ሲገረጡ፣ ፋሻው በትኩስ ደም ወይም በመግል ሲርስ ወዴት እንደሚደወል የሚገልጽ አንድ የተጻፈ ወረቀት ከክራንቹ ጋር ሊሰጥ ይገባ ነበር። በቀጣዩ ቀጠሮ ይህንኑ ስናገር ሐኪሟ ወረቀቱ እንዳለና ሊሰጠኝ ይገባ እንደነበር ገልጸው፣ ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ ጽሑፉ ግልጽ ነው፣ ሁሉንም ይዟል፣ የሚቀረው ታካሚው ከመተኛቱ በፊት እጁ እንዲገባ ማድረግ ብቻ ነው።